ቪትሩቪየስን ሳታነቡ ቤት አትሥሩ!

የቤተ መቅደስ ደረጃ ቁጥሩ ምንጊዜም ጎዶሎ ይሁን ይላል። ምክንያቱን ስሙልኝ፦ ሰው መውጣት ሲጀምር ቀኝ እግሩን ካስቀደመ፣ ላይ ደርሶ የመቅደሱን ወለል ሲረግጥም ቀኙ እንዲቀድም ነው! አቤት! ድንጋዩ ገና ከተራራው አልተፈለጠም፣ መሠረቱ አልተቆፈረም፤ ይህ ሰው ግን ስሙን የማያውቀው አንድ ምእመን በየትኛው እግሩ ወደ አምላኩ እንደሚገባ ያስባል። እኔ እጄን የሰጠሁት እዚህ መስመር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አስቁሜ ስለዚህ መጽሐፍ ስለምለፈልፍ ወዳጆቼ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀምረዋል። ዛሬ ተረኞቹ እናንተ ናችሁ።

ጸሐፊው ቪትሩቪየስ ይባላል፤ ሮማዊ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ክርስቶስ ሊወለድ ከ20 እስከ 30 ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ያበረከተውም ለአውግስጦስ ቄሳር ነው፤ በልደት ታሪክ ውስጥ የሕዝብ ቆጠራ ሲያዝ ለምናውቀው ለዚያው ቄሳር። አሥር ክፍሎች አሉት። ከጥንቱ የግሪክና የሮም ዓለም ስለ ሥነ ሕንፃ በሰፊው ተጽፎ ለእኛ የደረሰ መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው። እና ደራሲው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቤተ መንግሥት በቤተ መንግሥት ላይ የደረደረ ስመ ጥር ባለሙያ? የለም! የጦር ሠራዊት ቴክኒሻን ነው። ዕድሜውን የፈጀው ድንጋይና ፍላጻ የሚወረውሩ መሣሪያዎችን ሲያሠራና ሲያስጠግን ነው። በቄሳሩ እህት አማላጅነት የዕድሜ ልክ መተዳደሪያ ተቆረጠለትና እፎይ ብሎ ብዕሩን አነሣ። በገዛ እጄ አሠራሁት ብሎ የሚተርክልን ሕንፃ አንድ ብቻ ነው፤ ዛሬ ፋኖ በምትባለው የጣሊያን ከተማ የቆመ የፍርድና የንግድ አዳራሽ። እሱም ዛሬ የለም። ሕንፃው ጠፍቶ መጽሐፉ ቀረ!

የመጽሐፉ እምብርት ሦስት ነገር ነው። የሚሠራ ሁሉ የጸና ይሁን፣ የሚያገለግል ይሁን፣ የሚያምር ይሁን። አለቀ። ይህን ያህል አጭር ነገር ይህን ያህል ዘመን ሲነግሥ አይቼ አላውቅም። በዓለም የሥነ ሕንፃ ትልቁ ሽልማት የሆነው የፕሪትዝከር ሜዳሊያ ጀርባው ላይ የተቀረጹት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። እስቲ አንዷን አንሷትና ምን እንደሚቀር እዩ። የጸና ነው፣ ያምራል፣ ግን አያገለግልም፦ ሐውልት ነው። የጸና ነው፣ ያገለግላል፣ ግን አያምርም፦ መጋዘን ነው። ያገለግላል፣ ያምራል፣ ግን አልጸናም፦ ወንጀል ነው! ሦስቱ ሲገናኙ ብቻ ቤት ይሆናል። ደግሞ አስተውሉ፤ ሦስቱንም ጥያቄ የሚመልሰው ሰው ነው። የጸናው ለማን ነፍስ ነው? የሚያገለግለው የማንን ኑሮ ነው? የሚያምረው በማን ዓይን ነው? የመጽሐፉን ሕጎች አንድ በአንድ ተከታትያለሁ፤ ስለ ድንጋይ የጀመረው፣ ስለ ነፋስ የጀመረው፣ ስለ ኖራ የጀመረው ሁሉ መጨረሻው እግር ነው፣ ዓይን ነው፣ ጆሮ ነው፣ ኪስ ነው። ሰው ነው!

ከጽናት እንጀምር። በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ፣ ኡቲካ የምትባል ከተማ ነበረች። ቪትሩቪየስ እንደሚነግረን በዚያች ከተማ አንድ የጭቃ ጡብ ግድግዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አምስት ዓመት መድረቅ ነበረበት፤ መድረቁንም ሹሙ አይቶ ማጽደቅ ነበረበት። አምስት ዓመት! ነገሩ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን አፍ ያስይዛል። ጡብ ውጭው ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። እንዲህ ሆኖ ከተገነባ በኋላ ውስጡ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያኔ ከልስኑ ይላቀቃል፣ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውም ይሰምጣል። ስለዚህ ጡብ የሚሠራው በጸደይ ወይም በመከር ይሁን ይላል፤ በጋ ላይ ከተሠራ ፀሐዩ ላዩን አቃጥሎ የደረቀ ያስመስለዋልና። ላዩ የደረቀ ውስጡ እርጥብ የሆነ ሥራ ስንቱን ጉድ እንደሠራ በግንባታ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ ስለ አንድ ዱቄት ያወራል። በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ አካባቢ የሚገኝ አፈር ነው። ከኖራና ከድንጋይ ስብርባሪ ጋር ሲደባለቅ ይጠነክራል፤ ባሕር ውስጥ ሲጨምሩት እንኳ ውሃው ሥር ድንጋይ ይሆናል! ሮማውያን ወደባቸውን የሠሩት በዚህ ነው። ቪትሩቪየስ ከጻፈ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በአፄ ሃድሪያን ዘመን የተሠራው የሮም ፓንቴዎን ጉልላት ደግሞ የዚሁ የኮንክሪት ጥበብ ልጅ ነው። ወርዱ ከ43 ሜትር ይበልጣል፤ አንዲት ፌሮ የለበትም። ዛሬም በዓለም ላይ ፌሮ ከሌላቸው የኮንክሪት ጉልላቶች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። እኛ ዘንድ ገና ርክክብ ሳይፈጸም የሚያፈስ ጣሪያ አለ።

አሁን ወንበራችሁን ያዙ። የአሥረኛው ክፍል መግቢያ ላይ ስለ ኤፌሶን ይተርካል፤ ኋላ ጳውሎስ ስለሰበከባት ስለዚያችው ከተማ። ኤፌሶን ውስጥ አባቶች ያወጡት ጠንካራ፣ ግን ግፍ የሌለበት ሕግ ነበር ይላል። አንድ አርክቴክት የሕዝብ ሥራ ሲረከብ ዋጋው ስንት እንደሚሆን ቃሉን ይሰጣል። ከዚያ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የራሱ ንብረት በሹሙ እጅ በመያዣነት ይቀመጣል። ሥራው በተናገረው ዋጋ ካለቀ በአዋጅ ይመሰገናል፣ ይከበራል። ጭማሪው ከግምቱ ከአንድ አራተኛ ካልበለጠ መንግሥት ይከፍላል፣ እሱም አይቀጣም። ከአንድ አራተኛ ካለፈ ግን ትርፉ ከንብረቱ ይቆረጣል! ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አያስፈልግም። ግማሹ ሲደርስ ዋጋው እጥፍ የሚሆነውን፣ በቫሪዬሽን ላይ ቫሪዬሽን የሚደራረብበትን፣ ቆርቆሮ አጥሩ ከሥራው ቀድሞ የሚያረጀውን ግንባታ ሁሉ በዓይነ ኅሊናችሁ አሳልፉት። ቪትሩቪየስ ራሱ ይህ ሕግ ምነው ሮም ውስጥ በኖረ ብሎ ይመኛል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት! ልብ በሉ፣ ይህ የሒሳብ ሠራተኛ ምክር ሆኖ ሌላ መጽሐፍ ውስጥ የተቀመጠ አይደለም፤ ከዓምዱና ከጉልላቱ ጋር አንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። ለእሱ ሐቀኛ ግምት የጥሩ ሕንፃ አካል ነው።

ስለ ጠቃሚነት ደግሞ የታላቁ እስክንድርን ታሪክ አምጥቶ ያስቀናል። ዲኖክራጢስ የሚባል መቄዶናዊ አርክቴክት ነበር፤ መልከ መልካም፣ ቁመተ መለሎ። ባለሥልጣናቱ ቀጠሮ እየሰጡ ሲያመላልሱት ታከተው። ልብሱን አውልቆ ገላውን ዘይት ተቀባ፣ የአንበሳ ለምድ ትከሻው ላይ ጣለ፣ ዱላ ጨበጠና እስክንድር ዳኝነት ወደተቀመጠበት ሄደ። ሕዝቡ ሲያተራምስ ንጉሡ አየውና ማነህ አለው። የአቶስን ተራራ በሰው አምሳል ልቅረጸው አለ፤ በግራ እጁ ሙሉ ከተማ ይይዛል፣ በቀኝ እጁ ደግሞ የተራራውን ወንዞች ሁሉ ሰብስቦ ወደ ባሕር የሚያፈስ ጽዋ! እስክንድር በሐሳቡ ተደነቀ። ቀጥሎ ግን አንዲት ጥያቄ ጠየቀ፦ የከተማው ሕዝብ እህሉን ከየት ያመጣል? በዙሪያው የሚታረስ መሬት አልነበረም፤ ሁሉ በመርከብ ካልመጣ በቀር። ንጉሡ ዕቅዱን ትቶ ሰውየውን ግን ከእሱ ጋር ወሰደው፤ ኋላ እስክንድርያን ያስነደፈው እሱን ነው። አያችሁ? ተራራ የሚያህል ውበት በአንድ የእህል ጥያቄ ወደቀ። ቪትሩቪየስም ይህን አውርቶ ሲያበቃ፣ እኔ እንኳ ቁመቴ አጭር ነው፣ ዕድሜ መልኬን አጥፍቶታል፣ በሽታም ጉልበቴን ወስዶታል፤ ስለዚህ በእውቀቴና በጽሑፌ ነው የምቀርበው ይላል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይወደድ!

ቤት ሲሠራ ደግሞ ፀሐይን እንደ ቤተሰብ አባል ነው የሚቆጥራት። የክረምት መመገቢያ ክፍልና መታጠቢያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዙሩ፤ በማታ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል፣ ጠላቂዋ ፀሐይም ታሞቃቸዋለች። መኝታ ቤትና የመጻሕፍት ክፍል ወደ ምሥራቅ ይሁኑ፤ የጠዋት ብርሃን ያገኛሉ፣ መጻሕፍቱም አይሻግቱም። የሥዕል ክፍልና የጥልፍ ሠራተኞች ክፍል ወደ ሰሜን ይሁኑ፤ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ስለማይለዋወጥ ቀለሙ መልኩን አይቀይርባቸውም። ስለ ውሃ መስመርም ይመክራል፤ ከእርሳስ ቧንቧ የሸክላው ይሻላል፣ እርሳስ የሚያቀልጡትን ሠራተኞች የፊታቸውን መገርጣት ተመልከቱ ይላል። ሐኪም ሳይሆን የሐኪም ዓይን! እስቲ ከዚህ ጋር ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባን ጎዳናዎች ዙሩ። ሙሉ በሙሉ መስታወት ለብሶ ፊቱን ለምዕራብ ፀሐይ የሰጠ ሕንፃ ታገኛላችሁ። ውስጡ ያሉት ሠራተኞች መጋረጃ ዘግተው፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው፣ በማራገቢያ ፊት ተኮልኩለው ይሠራሉ። መስታወቱ ያምራል እንበል። ሰውየውን ግን ማን ጠየቀው?

አሁን ወደ ውበት ልግባ፤ እዚህ ላይ ነው ያበድኩት። ውበት ከየት ይመጣል? ከመጠን፣ ከክፍሎች ስምምነት። መጠኑስ ከየት ይመጣል? ከሰው ገላ! ከአገጭ እስከ ፀጉር መብቀያ ያለው ፊት የቁመት አንድ አሥረኛ ነው። ከእጅ አንጓ እስከ መሐል ጣት ጫፍም እንዲሁ። እግር የቁመት አንድ ስድስተኛ፣ ክንድ አንድ አራተኛ። ሰው እጅና እግሩን ዘርግቶ በጀርባው ቢተኛና እምብርቱ ላይ ማዕከል ተደርጎ ክብ ቢሠራ ጣቶቹ ክቡን ይነካሉ፤ ክንዶቹን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ደግሞ ስፋቱ ከቁመቱ እኩል ሆኖ አራት ማዕዘን ይወጣዋል። አዎ፣ በየግድግዳው፣ በየቲሸርቱ የምናየው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕል ምንጩ ይህ አንቀጽ ነው! የቪትሩቪየስ የራሱ ሥዕሎች ጠፍተዋል፤ ሊዮናርዶ እ.ኤ.አ. በ1490 ገደማ ከቃሉ ተነሥቶ ሣለው። ጣት፣ መዳፍ፣ ጫማ፣ ክንድ፤ የመለኪያዎቹ ሁሉ መነሻ አካላችን ነው ይላል። ጋቢ በክንድ አስለክቶ ያስሠራ፣ መሬት በጫማ የለካ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ዓምዶቹማ ሰዎች ናቸው። ከግሪክ ተሻግረው በትንሿ እስያ የሰፈሩ ሰዎች ለአፖሎ መቅደስ ሊሠሩ ሲነሡ የዓምዱን ልክ አላወቁትም። የወንድን እግር ለኩ፤ የቁመቱ አንድ ስድስተኛ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ የዓምዱን ቁመት የውፍረቱን ስድስት እጥፍ አደረጉት፤ ዶሪክ የተባለው ዓይነት የወንድ ጥንካሬ ይዞ ቆመ። ለአርጤምስ ሲሠሩ ደግሞ የሴት ቅጥነት ፈለጉ፤ ስምንት እጥፍ አደረጉት። ከግርጌው ጫማ የመሰለ መቆሚያ ሰጡት፤ ከራሱ ላይ ግራና ቀኝ እንደተጠቀለለ ፀጉር ጥቅልል አወረዱለት፤ ገላውን እንደ ቀሚስ እጥፋት ከላይ እስከ ታች ሸነተሩት። ይህ አዮኒክ ነው። ከዛሬ ወዲያ አንድ ባንክ ደጃፍ ላይ የተጠቀለለ ራስ ያለው ዓምድ ስታዩ ሹሩባ የተሠራች እመቤት ናትና ሰላም በሏት!

ሦስተኛው የቆሮንቶስ ነው፤ ታሪኩ ያስለቅሳል። ቆሮንቶስ ውስጥ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች አንዲት ልጅ ታማ ሞተች። ከቀብሯ በኋላ ሞግዚቷ ልጅቱ በሕይወት ሳለች ትወዳቸው የነበሩትን ትንንሽ ዕቃዎች ሰብስባ በቅርጫት አደረገች፤ መቃብሩ ላይ አስቀመጠችውና ዝናብና ፀሐይ እንዳይነካው አንድ የጣሪያ ሸክላ ከደነችበት። ቅርጫቱ ሳታውቀው ያረፈው አካንተስ የሚባል ተክል ሥር ላይ ነበር፤ በእኛ አገር ኮሸሽላ ከምንላቸው እሾሃማ ተክሎች ጋር የአንድ ወገን ነው። ጸደይ ሲመጣ ቅጠሉ በቅርጫቱ ዙሪያ ወጣ፤ ወደ ላይ ሲያድግ የሸክላው ማዕዘን አገደውና ጫፉ ወደ ውጭ ተጠቀለለ። ካሊማኮስ የተባለ ቀራጺ በዚያ ሲያልፍ አየው። አይቶ አላለፈም! የሞግዚቷን ቅርጫት ወደ ድንጋይ ለወጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሮም፣ ቁስጥንጥንያ፣ ፓሪስ፣ ዋሽንግተን ዓምዶቻቸው ላይ የተሸከሙት የአንዲት ሞግዚት ሐዘን ነው። ታሪኩ በትክክል እንዲህ ተፈጽሟል ብዬ አልምልም። የሚገርመኝ ሮማውያን አንድ የቅጠል ጌጥ ሲያዩ ታሪክ እንዲኖረው መጠበቃቸው ነው። ጌጥ ካታሎግ ላይ አይመረጥም፤ ይወረሳል።

ስለዚህም ነው አርክቴክት ታሪክ ይማር የሚለው። ሰው መጥቶ ይህ ለምን እዚህ ተደረገ ቢለው መልስ ሊኖረው ይገባል። አቴንስ አክሮፖሊስ ላይ ጣሪያ በራሳቸው የተሸከሙ የሴቶች ሐውልቶች አሉ። ቪትሩቪየስ ለእንዲህ ያሉ ሐውልቶች ምክንያት ይሰጣል፦ ካርያ የምትባል ከተማ በጦርነት ከፋርስ ጋር ወገነች፤ ግሪኮች ድል አድርገው ወንዶቿን ፈጁ፣ እመቤቶቿን ከነክብር ልብሳቸው ባሪያ አደረጉ፤ ሸክማቸው ለዘላለም እንዲታይም በድንጋይ ቀረጿቸው። የዛሬ ሊቃውንት ታሪኩን ይጠራጠሩታል። ቢጠራጠሩትም ቁም ነገሩ አይጠፋም፦ ሕንፃ የሕዝብ ትዝታ ነው፤ የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም ይሸከማል። ለአማልክቱ እንኳ ዓምድ ሲመርጡ በጠባያቸው ነበር። ለጦር አምላኩ ለማርስ ጌጥ የማያበዛው ዶሪክ፣ ለቬኑስ አበባና ቅጠል ያለው የቆሮንቶሱ፣ ለመብረቅ ጌታ ደግሞ ጣሪያ የሌለው፣ ለሰማይ የተከፈተ መቅደስ! የፈውስ አማልክት መቅደስስ? ጥሩ አየርና ጥሩ ምንጭ ያለበት ቦታ ይሠራ ይላል፤ ሕመምተኛው በንጹሕ ውሃና አየር ቶሎ ይድናል፣ ምስጋናውን ደግሞ አምላኩ ይወስዳል። ሽማግሌው ብልጥ ነው!

ዓይን ይዋሻል፤ እሱንም ያውቃል። ወለል ፍጹም ልክ ከሆነ መሐሉ የጎደጎደ ይመስላል፤ ስለዚህ መሐሉን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ጥግ ላይ ያለ ዓምድ ዙሪያውን ብርሃን ስለሚከበው ቀጭን ይመስላል፤ ስለዚህ የውፍረቱን አንድ ሃምሳኛ ጨምሩለት። አንድ ሃምሳኛ! ማን ያየዋል ብላችሁ ከሆነ የአቴንሱን ፓርተኖን ለኩ። ቪትሩቪየስ ከመጻፉ አራት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የተሠራው ይህ መቅደስ ወለሉ ረጅም ጎኑ ላይ መሐሉ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ያበጠ ነው። ቀጥ ብሎ እንዲታይ አጠመሙት። በዓምዶች መካከል ስላለው ክፍተትም ሕግ አለው። በጣም ሲጠብ የሚነቅፈው ለምን ይመስላችኋል? እናቶች ለጸሎት ሲወጡ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ማለፍ አቅቷቸው አንድ በአንድ ይሰለፋሉ! የዓምድ ስሌት ውስጥ የተያያዙ እጆች ገቡ።

ጆሮም አልተረሳም። ድምፅ የሚጓዘው ውሃ ላይ ድንጋይ ሲወረወር እንደሚሰፉት ክቦች ነው ይላል፤ ልዩነቱ ውሃው በአግድም ብቻ ሲሄድ ድምፅ ወደ ላይም መውጣቱ ነው። ስለዚህ የቲያትር መቀመጫ ሲደረደር ከታች የተነሣው ድምፅ ሳይሰናከል ላይኛው ረድፍ ላይ ለተቀመጠው ድሃ እንዲደርስ ይሁን። ከመቀመጫዎቹ ሥር በዜማ ልክ የተቃኙ የነሐስ ማሰሮዎች ይቀመጡ፤ ድምፁ ሲነካቸው አብረው ያስተጋባሉ። ከተማው አቅም ከሌለው የሸክላ ጋን ይሁን፤ ያም ይሠራል! አርክቴክት ሙዚቃ ይማር ያለው ለዚህ ነው። ለጦር መሣሪያም ያስፈልጋል፦ የወርዋሪው የግራና የቀኝ ጅማቶች እኩል መወጠራቸው የሚታወቀው ሲመቱ በሚሰጡት ድምፅ ነው። ካልተስማሙ ፍላጻው ይጣመማል። የድሮ ሙያው እዚህ ላይ ብቅ ስትል ስቄ አላባራሁም።

ከሁሉ የምወደው ግን የሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ ነው። ሰዎች በዱር ተበታትነው ሲኖሩ አንድ ቀን ነፋስ ዛፎቹን አፋጨና እሳት ተነሣ። ፈርተው ሸሹ። ሲበርድ ቀስ ብለው ተጠጉ፤ ሙቀቱ ደስ አላቸው፤ እንጨት ጨመሩበት፤ ሌሎችን ጠሩ። በምልክትና በድምፅ ሲግባቡ ቋንቋ ተወለደ። መሰብሰብ ከእሳት መጣ፣ ቤት ከመሰብሰብ መጣ። አንዳንዱ ቅጠል ደረበ፣ አንዳንዱ ዋሻ ቆፈረ፣ አንዳንዱ የወፍ ጎጆ አይቶ በጭቃና በጭራሮ ሠራ። ከዚያ አንዱ የሌላውን እያየ አሻሻለ። እንግዲህ በቪትሩቪየስ ዘንድ ቤት ከብርድ መሸሸጊያ ከመሆኑ በፊት የወሬ ቦታ ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ለመቀመጥ ሲል ነው ግድግዳ ያቆመው። ሳሎናቸውን ለእንግዳ ዘግተው የሚያስቀምጡ ይህን ይስሙ!

ጉድለት የለበትም አልልም። አባይን ከሰሜን ምዕራብ አፍሪካ፣ ከአትላስ ተራራ ያመነጨዋል፤ ማስረጃው ደግሞ እዚያም አዞ መኖሩ ነው! ጣናንና ግሽ ዓባይን ለሚያውቅ ሰው ይህ ገጽ ከኮሜዲ አይተናነስም። የሰሜን ሰው ደፋር ግን ደንቆሮ፣ የደቡብ ሰው ብልህ ግን ፈሪ፣ መሐል ላይ ያለው ሮማዊ ብቻ ሁለቱን የታደለ ነው ይልና ዓለምን መግዛታችን ስለዚህ ነው ብሎ ይደመድማል። ድንጋዩን የተሸከሙት ባሪያዎች ደግሞ ከመጽሐፉ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። የሰውን እግር ቆጥሮ የሰውን ጫንቃ መዝለሉ የዘመኑ ነውር ነው። ሆኖም መጽሐፉ የራሱን መፋረጃ ራሱ ሰጥቶናል፦ ሰው የሁሉ ልክ ከሆነ ሰው ሁሉ ልክ ነው።

መንገዱስ ቢሆን! በመካከለኛው ዘመን የገዳም መነኮሳት በእጃቸው እየገለበጡ አቆዩት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጣሊያን ሊቃውንት እንደ አዲስ ወደቁበት፤ እ.ኤ.አ. በ1486 ገደማ ሮም ውስጥ ታተመ፣ በ1511 ቬኒስ ላይ ከነሥዕሉ ወጣ፣ በ1556 ዳንኤሌ ባርባሮ በጣሊያንኛ ሲያወጣው ሥዕሎቹን አርክቴክቱ ፓላዲዮ ሠራለት። ከዚያ ወዲያ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የቆመው ፓርላማና ቤተ መጻሕፍት ብዛት አይጠየቅ። ግን ውርሱ ዓምድ መቅዳት ብቻ እንዳይመስላችሁ! እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ የወሰደው የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ በትውልድ መንደሩ በጋንዶ የሠራውን ትምህርት ቤት እዩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ያለቀ ነው። ግድግዳው ሲሚንቶ የተቀላቀለበት የመንደሩ አፈር ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያው ፌሮ ተበይዶ ከኮርኒሱ በላይ ከፍ ተደርጎ ተንጠልጥሏል፤ በመካከሉ አየር እየተመላለሰ ክፍሉን ያቀዘቅዛል። አንዲት የቆሮንቶስ ቅጠል የለበትም። ግን የጸና ነው፣ ያገለግላል፣ ያምራል! ልጆቹ በሙቀት ሳይዝሉ ይማራሉ። ቪትሩቪየስ ቢያየው ኖሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ይጨምር ነበር።

እና ምን ትጠብቃላችሁ? አሥሩን ክፍል በአንድ ጊዜ አታንብቡ፤ የውሃ ሰዓቱና የከበባ መሣሪያው ቆይቶ ይደርሳል። ከሦስተኛው ጀምሩ፣ ገላውና ዓምዱ እዚያ አለ፤ ከዚያ ወደ ስድስተኛው፣ ወደ ቤቱ፤ ከዚያ የአሥረኛውን መግቢያ። አንብባችሁ ስትጨርሱ የምትኖሩበት ኮንዶሚኒየም፣ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት፣ ሰልፍ የምትይዙበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ለጥያቄ ይቀርብላችኋል፦ ጸንቷል ወይ? ያገለግላል ወይ? ያምራል ወይ? ለማን? ቤት ለመሥራት ያሰበ ዘመድ ካላችሁ መጽሐፉን ስጡት። ኮንትራክተሩ ውል ሊፈርም ሲመጣም መጀመሪያ ቡና አፍሉለት፣ ከዚያ የኤፌሶንን ሕግ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ፈገግ ብሎ ከፈረመ ሥራውን ስጡት!